ትሕትና በእብነ በረድ፦ ለአንድ የቸኮለ ፍርድ የተሰጠ ምላሽ

ስለ ኒዮክላሲካል ዘመን፣ ማለትም የጥንት ግሪክና ሮም ጥበብ አርአያ ስለሆነበት ዘመን፣ ሃይማኖታዊ ሐውልቶች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከሰው ወደ ሰው ሲዘዋወር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው ሮምን የጎበኙና ሥነ ጥበብ የሚወዱ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ክሳቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 19ኛው አጋማሽ ድረስ በነጭ እብነ በረድ የተቀረጹት የእምነት፣ የተስፋ፣ የፍቅር፣ የትሕትና፣ ራስን የመግዛት ምስሎች ስማቸውን የቀየሩ የግሪክ አማልክት ናቸው። እርቃናቸውን ቆመው ስለ ምግባር ሊሰብኩ ይሞክራሉ። ቀዝቃዞችና ሕይወት አልባ ናቸው። ቀራጮቹ ስማቸውን አኖሩባቸው እንጂ በእጃቸው አልሠሯቸውም። የጳጳሳት ፕሮፓጋንዳ ናቸው። ንጣታቸው ከዘረኝነት የመጣ ነው። ስለዚህ ሮም የሄደ ኢትዮጵያዊ ጊዜውን ለሚኬላንጄሎና ለቤርኒኒ ሰጥቶ እነዚህን ቢያልፋቸው የሚቀርበት ነገር የለም።

ከነዚህ ክሶች አንዳንዶቹ እውነት አለባቸው፤ እሱን ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ። ያላስቻለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድም ሐውልት በስሙ አልተጠራም። «እነዚህ ሐውልቶች» እየተባለ ብዙ አሥርት ዓመታት የፈጀ ሥራ፣ የጣሊያኑም የዴንማርኩም የአሜሪካዊቷም፣ ባንድ ላይ ተጨፍልቆ ተፈርዶበታል። እኔ በስም እየጠራሁ እመልሳለሁ።

ከአማልክቱ ልጀምር። ምግባርን በሴት አምሳል ማሳየት የኒዮክላሲካል ሰዎች ከግሪክ ፍርስራሽ ቆፍረው ያመጡት ልማድ አይደለም። በመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 9 ጥበብ ቤቷን ሠርታ፣ ሰባቱን ምሰሶዎቿን አቁማ፣ ማዕዷን አሰናድታ ሰዎችን ስትጠራ እናገኛታለን። ይህን እየሰማን ያደግን ሰዎች ጥበብ እንደ ሴት ቆማ ስናያት ባዕድ አምልኮ መጣ ብለን የምንደነግጥበት ምክንያት የለም። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያንም ነገሩ የቆየ ነው። ሠዓሊው ጆቶ በጣሊያን ፓዶቫ ባለው የስክሮቬኚ ጸሎት ቤት በ1305 ገደማ ሰባቱን ምግባራትና ሰባቱን ተቃራኒዎቻቸውን በግድግዳው የታችኛው ክፍል ላይ ሥሏቸዋል። ከበላያቸው ያለው የወንጌል ታሪክ በሰማያዊና በቀይ እየደመቀ ሳለ፣ ምግባራቱን ብቻ ከድንጋይ የተጠረቡ ሐውልቶች እንዲመስሉ አድርጎ በነጭና በግራጫ ነው የሠራቸው። የኒዮክላሲካል ቀራጮች አውራ የሆነው ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ካኖቫ የተወለደው በ1757 ነው። የድንጋይ ቀለም ያላት ምግባር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስትቆም ካኖቫን በአራት መቶ ሃምሳ ዓመት ቀድማዋለች ማለት ነው። በ1330ዎቹ አንድሬያ ፒዛኖ ለፍሎረንስ ማጥመቂያ ቤት በሠራው የነሐስ በር ላይም ስምንት ምግባራት ተቀምጠዋል፤ ከሰባቱ የተለመዱት ላይ የተጨመረችው ስምንተኛዋ ትሕትና ናት።

ኒዮክላሲካሎቹ ከግሪክና ከሮም የወሰዱት አካላዊ ቋንቋውን ነው፤ አቋቋሙን፣ የልብሱን አወራረድ፣ የፊቱን እርጋታ። በእሳተ ገሞራ የተቀበረችው የሮማውያን ከተማ ፖምፔይ መቆፈር የጀመረችው በ1748 ነው፤ ጀርመናዊው የጥንት ጥበብ ሊቅ ቪንክልማን የግሪኮችን ሥራ እንደ አርአያ ያቀረበበት የመጀመሪያ ድርሳኑ የወጣው በ1755 ነው፤ የዚያ ትውልድ ቀራጮች በዚህ አየር ውስጥ ነው ያደጉት። ውሰቱን አልክድም። ግን ካታኮምብ በሚባሉት የሮም የምድር ውስጥ መቃብሮች በጉን በትከሻው የተሸከመው መልካም እረኛ ራሱ አቋሙን ያገኘው ከግሪክና ከሮም ምስሎች ነው። ውሰትን እንደ ክህደት ከቆጠርን ክሱ ከኒዮክላሲካል ብዙ አልፎ ሄዶ የመጀመሪያዎቹን ክርስቲያኖች ይነካል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ እሳቸው ባይጠሩትም እኔ ልጥራው። በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ውስጥ ካኖቫ ለርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 13ኛ የሠራውና በ1792 የተገለጠው የመቃብር ሐውልት ላይ፣ በተመልካቹ ቀኝ በኩል ችቦውን ወደ ታች ደፍቶ የተቀመጠ ክንፋም ወጣት አለ። የሞት መንፈስ ነው። ከጥንት ሮማውያን የመቃብር ሣጥኖች ላይ ተነሥቶ የመጣ ነው፤ ክርስቲያናዊ ነው ብዬ ልከራከርለት አልችልም። በግራ በኩል መስቀል ይዛ፣ ጨረር የከበበው አክሊል ደፍታ የቆመችው «ሃይማኖት» ደግሞ የካኖቫ ምርጥ ሥራ አይደለችም። ግትር ናት፤ ምልክት ተሸክማ የቆመች እንጂ የምታምን ሴት አትመስልም። ጸሐፊው «ቀዝቃዛ» ሲሉ እሷን ብቻ አስበው ከሆነ አልጣላቸውም። ሆኖም እዚያው ሐውልት ላይ ዓይን ከፍ ሲል ጳጳሱ አለ። አክሊሉን አውልቆ ከፊቱ መሬት ላይ አኑሮታል፤ ባዶ ራሱን ተንበርክኮ፣ እጆቹን አገናኝቶ ይጸልያል። ወፍራም፣ ያረጀ፣ ሥልጣኑን ያወለቀ ሰውዬ። የሐውልቱ ትሕትና ያለው እሱ ላይ ነው፤ ምንም ዓይነት አምላክ አይመስልም።

ስለ እርቃን የተባለው ብዙ ሊያቆየን አይገባም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ እርቃን ምግባራት የተነሣው ጭቅጭቅ ከኒዮክላሲካል በፊት ነው። በዚያው ባዚሊካ ውስጥ በጳውሎስ 3ኛ መቃብር ላይ ያለችው «ፍትሕ» በ1590ዎቹ የብረት ልብስ ተደርቦላታል፤ ጸሐፊው የሚያደንቁት ቤርኒኒ ለእስክንድር 7ኛ መቃብር የሠራት «እውነት»ም በጳጳስ ትእዛዝ በነሐስ ተሸፍናለች። እንዲያውም ኒዮክላሲካሎቹ ለመቃብር ከሠሯቸው ምግባራት አብዛኞቹ ከአንገት እስከ እግር የለበሱ ናቸው። እርቃኗን ስላለችው አንዷ፣ ባርቶሊኒ የተባለው ቀራጭ ስለቀረጻት ልጃገረድ፣ ቀጥዬ እናገራለሁ፤ እሷን አይቶ ስለ ልብስ ማሰብ የቻለ ሰው ካለ ይገርመኛል።

አሁን ዋናው ክስ፦ ቀዝቃዞችና ሕይወት አልባ ናቸው። እዚህ ላይ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የሳቱት ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ነው።

ሳይናገሩት የያዙት መለኪያ ቤርኒኒ ነው። በ1678 ያለቀውን የእስክንድር 7ኛን መቃብር ያየ ሰው አይረሳውም፤ ከቀይ ድንጋይ የተሠራ ከባድ መጋረጃ እየተገለበጠ፣ ከሥሩ በወርቅ የተለበጠ አጽም የአሸዋ ሰዓት ይዞ ብቅ ይላል፤ ልብሱ ይተራመሳል፤ ሴቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። እኔም ቤርኒኒን እወደዋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ራስን መግዛት የሚባለው ምግባር በሚተራመስ ልብስ እንዴት ይታያል? ትሕትና በሚወራጭ እጅ እንዴት ትቀረጻለች? የባሮክ፣ ማለትም ከኒዮክላሲካል በፊት የነበረው የቤርኒኒ ዘመን፣ ቀራጮች ይህን ችግር የሚፈቱት ብዙ ጊዜ በዕቃ ነው፤ ለአንዷ ማሰሮ ያስይዟታል፣ ለሌላዋ ልጓም፣ ለሌላዋ መልሕቅ። ተመልካቹ ዕቃውን አይቶ ስሟን ያውቃል። የኒዮክላሲካል ትልቁ ሥራ ምግባሯን ከዕቃው ወደ ሰውነቷ መመለሱ ነው፤ ወደ አንገቷ መደፋት፣ ወደ ትከሻዋ መውረድ፣ ወደ እጇ አኳኋን። ጸሐፊው «አይንቀሳቀሱም» ሲሉ የወቀሱት ያንኑ ነው።

ለዚህ ማስረጃዬ ሮም ውስጥ በሳንቲ አፖስቶሊ ቤተ ክርስቲያን ያለው የቀሌምንጦስ 14ኛ መቃብር ነው። ካኖቫ ሥራውን የተቀበለው በ1783፣ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ሳለ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ በ1787 ተገለጠ። ሐውልቱ ያለው በር ላይ ነው፤ ወደ ዕቃ ቤት የሚያስገባው በር የሐውልቱ አካል ሆኖ ከሥሩ ተከፍቷል፤ ካህናቱ በሟቹ እግር ሥር ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ላይ ጳጳሱ በዙፋኑ ተቀምጦ ቀኝ እጁን ወደ ፊት ዘርግቷል። ከሱ ዝቅ ብለው ሁለት ሴቶች አሉ።

«ራስን መግዛት» የሬሳ ሣጥኑ ላይ ዘንበል ብላለች። ታለቅሳለች ለማለት ያስቸግራል፤ አታለቅስም ለማለትም ያስቸግራል። ፊቷ ላይ የተጨማደደ ነገር የለም፤ አፏ አልተከፈተም፤ ፀጉሯን አልነጨችም። ሐዘኗ ያለው ክብደቷ ላይ ነው፤ ሰውነቷ ወደ ሣጥኑ ተጎትቷል፤ የልብሷ እጥፋት ከትከሻዋ ጀምሮ በረጅሙ ወደ ታች ይወርዳል፤ እዚያው ላይ ግን ራሷን ይዛለች። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህችን ሴት ያውቃታል፤ ሙሾ አውራጇ አይደለችም፣ ጥግ ይዛ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ዝም ያለችዋ ናት። ልጓም ማስያዝ አላስፈለገም። እንዴት እንደምታዝን አይተን ማን እንደሆነች እናውቃለን።

ሁለተኛዋ «ትሕትና» ናት፤ «የዋህነት» የሚሏትም አሉ። በዚያኛው ወገን ተቀምጣለች። እጆቿ ጭኗ ላይ አርፈዋል፤ ራሷ ዝቅ ብሏል፤ አጠገቧ በግ አለ። በጓ ምልክት ናት፣ ልክ ነው፤ ግን በጓን በመዳፋችሁ ሸፍናችሁ ብታዩአት ትሕትና ከመሆን አትጎድልም። አንገቷ የተደፋው ሰው ስላስገደዳት አይመስልም። ጳጳሱ በላይዋ እጁን በሥልጣን ዘርግቶ እሷ ከሥሩ እንዲያ ስትቀመጥ፣ አንዱ ሌላውን ያርመዋል። እኔ በዚህ ሐውልት ላይ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ካኖቫ ሥልጣንን ከላይ፣ ትሕትናን ከታች አስቀምጦ ዓይናችንን ከላይ ወደ ታች ያወርደዋል፤ የምናርፈው እሷ ጋ ነው።

«ሕይወት አልባ» ለሚለው ሌላው መልስ የካኖቫ ንስሐ የገባች መግደላዊት ናት፤ በ1796 የተሠራችው ዛሬ ጄኖቫ ትገኛለች። ንስሐ ከሃይማኖታዊ ምግባራት ውስጥ ለመቅረጽ ከሁሉም የምትከብድ ይመስለኛል። መግደላዊት ጉልበቷ ላይ ወርዳ፣ በተረከዟ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት መዳፎቿን ጭኗ ላይ ዘርግታለች፤ በመዳፎቿ ላይ በወርቅ የተለበጠ የነሐስ መስቀል አለ። መስቀሉን አልጨበጠችውም፤ የመጨበጥ ጉልበት አጥታ ይዛዋለች። ትከሻዋ ወርዷል፣ ጀርባዋ ጎብጧል፣ ጉንጯ ላይ እንባ ተቀርጿል። በ1808 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ስትታይ ከተማው ሁሉ የተከራከረባት በቀዝቃዛነቷ አይደለም፤ ስሜቷ ለሐውልት ይበዛል ያሉ ነበሩ። ጸሐፊው ይህንን ሐውልት ቢያነሡት ክሳቸው በተቃራኒው መሆን ነበረበት።

ሎሬንዞ ባርቶሊኒም አለ። ዶና ሮዛ ትሪቩልዚዮ የተባለች የሚላኖ ባላባት በ1833 ባሏ ሞተባትና ሐዘኗን የሚሸከምላት ሐውልት አዘዘች፤ ባርቶሊኒ ከጥቂት ዓመት በኋላ «በእግዚአብሔር መታመን» የምትባለውን ሠራላት። ዛሬ ሚላኖ በፖልዲ ፔዞሊ ሙዚየም ናት። ቁመቷ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ገና ያልጠነከረች ልጅ ናት፤ እርቃኗን በጉልበቷ ወርዳ ተረከዟ ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ተቆላልፈው ጭኗ ላይ ወድቀዋል፤ ፊቷ ወደ ላይ ነው። ያ ሁሉ መታመን የሚገኘው እጆቿ ላይ ይመስለኛል፤ እንደሚለምን ሰው እጅ አልተዘረጉም፣ እንደሚፈራ ሰው እጅ አልተጨበጡም፤ ለቀዋል። በልብስ ምትክ ቆዳዋን የሰጣት ምንም የሚሸፍናት ነገር እንዳይኖር ነው፤ ከጠየቁኝ ሐሳቡ ራሱ ያ ነው። ባል የሞተባት ሴት ለራሷ የመረጠችው ምስል ይህ መሆኑን እያወቅሁ «ሕይወት አልባ» የሚለውን ቃል ልቀበለው አልችልም። ባርቶሊኒን ኒዮክላሲካል ማለት ይከብዳል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው፤ ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ ተፈጥሮ የሄደ ሰው ነው፤ በ1840 ገደማ በፍሎረንስ አካዳሚ ለተማሪዎቹ ጎባጣ ሰው ሞዴል አድርጎ አቅርቦላቸው ሰውን ሁሉ አስቆጥቷል። ግን ጸሐፊው የቆረጡት ዘመን እሱንም ይጨምራልና ከመልሴ ላስወጣው አልችልም።

ቀራጮቹ በእጃቸው አልሠሯቸውም የሚለው ክስ እንዴት እንደሚሠራ ካለማወቅ የመጣ ነው። የካኖቫን ቤት አሠራር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ትንሽ የጭቃ ንድፍ በእጁ ይሠራል፤ ጣቱ ያረፈበት ቦታ ሁሉ የሚታይባቸው ብዙዎቹ እስካሁን አሉ። ቀጥሎ ጭቃው በሙሉ ቁመት ይሠራል፤ እሱም በካኖቫ እጅ ነው የሚያልቀው። ጭቃ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ በላዩ ጀሶ ተፈስሶ ቅርጹ ይወሰዳል፣ ጭቃው ይፈርሳል፣ የጀሶው ሐውልት ይቀራል። ጀሶው ላይ ትናንሽ የብረት ምስማሮች ይመታሉ። ሠራተኞቹ በጀሶውና በእብነ በረዱ ላይ እኩል ፍሬም ሰቅለው፣ ቱምቢ አውርደው፣ ከያንዳንዱ ምስማር ርቀቱን እየለኩ ድንጋዩን በመሮ ወደ ውስጥ ያወርዱታል። ቆዳው ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ካኖቫ ይረከባል። የመጨረሻውን እጅ የሚያሳርፈው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ማታ በሻማ ብርሃን ይሠራል፤ ምክንያቱም በጎን የሚመጣ ደካማ ብርሃን ቀን የማይታየውን ጉድፍ ጥላ እየሰጠ ያወጣዋል። የጉንጭና የእጅ ቆዳ ከልብሱ ተለይቶ እንዲለሰልስ የሚያደርገው በዚያ ሰዓት ነው።

እነዚያ ጀሶዎች ዛሬም በትውልድ መንደሩ በፖሳኞ በ1836 በተከፈተው ሙዚየም ቆመዋል፤ ምስማሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ ፊታቸውን፣ ደረታቸውን፣ ጣቶቻቸውን ጥቁር ነጥብ ሞልቶታል። በ1917 በአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ወድቆባቸው ብዙዎቹ ተጎድተዋል፤ የተረፈው ግን ሥራው እንዴት እንደተከናወነ ለማንም በግልጽ ያሳያል። ድብቅ ነገር አልነበረበትም። ምስሉን ማን አሰበው፣ አንገቷ በስንት ዲግሪ ይደፋ ያለው ማን ነው፣ የመጨረሻውን ቆዳ ማን ነካው ብለን ከጠየቅን መልሱ ካኖቫ ነው። ቤርኒኒም ረዳቶች ነበሩት፤ የእስክንድር 7ኛን መቃብር ሲያሠራ ሽማግሌ ነበር፤ አብዛኛውን እብነ በረድ የቀረጹት ሌሎች ናቸው። ለአንዱ ይቅርታ ለሌላው ክስ ከሆነ ፍርዱ ውሃ አያነሣም።

ፕሮፓጋንዳ ናቸው ስለተባለው። የጳጳስ መቃብር ስለ ጳጳሱ መልካም ነገር መናገሩ እርግጥ ነው፤ የማንም መቃብር እንዲያ ነው። ግን ዝርዝሩን እንይ። ቀሌምንጦስ 14ኛ ማለት በ1773 የኢየሱሳውያንን ማኅበር የበተነው ጳጳስ ነው፤ በሱስንዮስና በፋሲለደስ ታሪክ የምናውቃቸውን ኢየሱሳውያን ማለቴ ነው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ውስጥ ብዙ ጠላት አፍርቶ በ1774 ሞተ። ለመቃብሩ የከፈለው ቫቲካን አልነበረም፤ ካርሎ ጆርጂ የተባለ ባለጸጋ ነው። ሥራው ሲገለጥ ሐያሲው ሚሊዚያ የቀድሞዎቹ ኢየሱሳውያን እንኳ የእብነ በረዱን ጳጳስ እያመሰገኑና እየባረኩ ነው ብሎ ጽፏል። ትእዛዝ የተሰጠበት ቅስቀሳ ጠላትን እንዲህ አያስመሰግንም።

ከዚህም በላይ የሚናገረው የፒዮስ 7ኛ መቃብር ነው። ይህ ጳጳስ ከ1809 እስከ 1814 የናፖሊዮን እስረኛ ነበር። ሲሞት ወዳጁ ካርዲናል ኮንሳልቪ መቃብሩን በራሱ ገንዘብ አዘዘ፤ ለማን? ለበርቴል ቶርቫልድሰን፣ ለዴንማርካዊ ሉተራዊ። በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ውስጥ ፕሮቴስታንት የጳጳስ መቃብር ሲሠራ ማጉረምረም መነሣቱ አልቀረም፤ ሥራው ግን በ1831 አለቀ። ከጳጳሱ ግራና ቀኝ «ሰማያዊ ጥበብ» እና «ሰማያዊ ብርታት» ቆመዋል። ብርታት የአንበሳ ቆዳ ለብሳለች፤ የሄርኩለስ ልብስ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ቢያዩ «ይኸው ጣዖት» ይሉ ነበር። እጆቿን ግን እዩአቸው፤ ደረቷ ላይ ተጣምረዋል። ዓይኗ ወደ ላይ ነው። አምስት ዓመት ታስሮ ያልታጠፈ ሽማግሌ ያሳየው ብርታት የቱ ዓይነት እንደሆነ ቶርቫልድሰን ገብቶታል፤ የጡንቻ ሳይሆን የመታገሥ ነው። የሄርኩለስን ቆዳ አልብሶ የሄርኩለስን ሥራ ከለከላት።

አንድ ነገር ልጨምር። ፒዮስ 7ኛ ወደ ሮም ሲመለስ ካኖቫ ለምስጋና ብሎ ግዙፍ የ«ሃይማኖት» ሐውልት በራሱ ወጪ ሊሠራ አቅዶ ነበር። የት ይቁም በሚለው ላይ ስምምነት ታጣና ቀረ። ሐውልቶቹ የቫቲካን መሣሪያ ቢሆኑ ኖሮ ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገኝም ነበር፤ በነጻ የቀረበላቸውን አልተጠቀሙበትም። ካኖቫ ገንዘቡን ወስዶ በ1819 በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ማሠራት ጀመረ፤ በ1822 ሞቶ መቃብሩ እዚያው ሆነ።

ስለ ንጣቱ የተባለውን በግማሽ እቀበላለሁ። የግሪክ ሐውልቶች ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ዝናብና ዘመን ያጠበውን ድንጋይ አይቶ «ንጹሕ ውበት ነጭ ነው» ማለት ስሕተት ነበር፤ ከዚያም ስሕተት ላይ ስለ ሰው ዘር ብዙ ክፉ ነገር ተገንብቷል። ይህን ማለት ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘመን የካኖቫ ወዳጅ የሆነው ፈረንሳዊ የጥበብ ሊቅ ካትርሜር ደ ኬንሲ የግሪኮችን ባለ ቀለም ሐውልቶች የሚያስረዳ ትልቅ መጽሐፍ አውጥቷል፤ ካኖቫ ራሱ እብነ በረዱን እንዳለ አይተወውም ነበር፣ ብርዱን የሚሰብር ሰም ይቀባዋል፤ የመግደላዊት ፀጉር ቢጫ ሰም ተቀብቷል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ጸሐፊው ኤድሞኒያ ሉዊስን ረስተዋታል። ከጥቁርና ኦጂብዌ ከሚባለው የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ወገን የተወለደች አሜሪካዊት ቀራጭ ናት፤ ጸሐፊው ከቆረጡት ዘመን ጥቂት ዘግይታ፣ በ1860ዎቹ ሮም ገብታ ይህንኑ ነጭ እብነ በረድ ያዘች። ሥራው የሷ አይደለም እንዳይሏት ሌሎች ለሠራተኛ የሚተዉትን ጥረባ በአብዛኛው በራሷ እጅ ትሠራው ነበር። በ1867 ሰንሰለቱን የበጠሰ ጥቁር ወንድና አጠገቡ ተንበርክካ የምትጸልይ ሴት ቀረጸች፤ ዛሬ ዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በ1875 አጋርን ሠራች፤ ግብጻዊቷን ባሪያ፣ ወደ በረሃ የተጣለችውን። እጆቿ ደረቷ ጋ ተያይዘዋል፣ ዓይኗ ወደ ሰማይ ነው፣ እግሯ ሥር ባዶ ማሰሮ ተጋድሟል። የባርቶሊኒን ልጅ አስታውሱ፤ እሷም ወደ ላይ ታያለች። ያችኛዋ የምትታመነው አርፋ ነው፤ አጋር ግን ውሃ አልቆባት፣ እየሄደች። ከአፍሪካ የሆነች እናት በእግዚአብሔር መታመንን በኒዮክላሲካል ቋንቋ እንዲህ ተናግራበታለች፤ ቋንቋው የዘረኞች ብቻ ነው ብሎ መዝጋት ሉዊስን ከገዛ ሥራ ቤቷ ማስወጣት ይሆናል።

የቀረው «ለኛ ምን ያደርግልናል» የሚለው ነው። ጸሐፊው በኦርቶዶክስ ሥርዓት ያደገ ሰው የተቀረጸ ምስል ላይ ሥጋት እንዳለው ይናገራሉ፤ ሥጋቱን አከብራለሁ፤ እኔም ከዚያው ቤት ነኝ። ግን ለ«ራስን መግዛት» ዕጣን የሚያጥን፣ ለ«ብርታት» የሚሰግድ ካቶሊክ የለም፤ የመቃብር ሐውልት ናቸው፤ የሟቹን ሕይወት ለሚያልፈው ሰው የሚናገሩ ናቸው። ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ቅዱስስ ቢሆን ለኛ ባዕድ ነው ወይ? ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ የገባ ሰው ከግድግዳው ተጠርበው በሰው ቁመት የቆሙትን ቅዱሳን አይቷል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባም፣ እዚያው ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩበት የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ አባ ተስፋ ጽዮን በ1548 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ሮም ላይ ሲያሳትም መኖሪያው እዚያ ነበር። አባቶቻችን ከዚያ ባዚሊካ ጋር ጎረቤት ሆነው ኖረዋል፤ እኛ ውስጥ ገብተን አንድ መቃብር ፊት ጥቂት ብንቆም የምናጣው ነገር አይታየኝም።

ስለዚህ ሮም ለሚሄድ ወገን ከጸሐፊው ተቃራኒ ምክር እሰጣለሁ። ቤርኒኒን እዩ፤ ሚኬላንጄሎንም እዩ። ከዚያ ከትሬቪ ፏፏቴ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄዳችሁ ሳንቲ አፖስቶሊ ግቡ፤ ቱሪስት አይበዛበትም። በግራው ክንፍ እስከ ውስጥ ድረስ ዝለቁ፤ ሐውልቱ ከዕቃ ቤቱ በር በላይ ነው። ጳጳሱን ለመጨረሻ አቆዩትና መጀመሪያ ከታች ያሉትን ሁለቱን ሴቶች እዩአቸው።